«ፊር» የሚሏት ቃል

ቀጭ!

አጥንት ከመጋጠሚያው ሲላቀቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ የወንድ ትንፋሽ። ቀጥላ ደግሞ ከጨለማው ውስጥ ለስለስ ብላ የወጣች አንዲት ቃል፦

«ፊር።»

ቀጭ!

«ፊር።»

«ኧረ ተወው አንተ ሰው!» አለ ከድምፅ መቅረጫው ክፍል መስታወት ወዲያ አንድ ሻካራ ድምፅ። «የዚህን ምስኪን ክንድ ስንቴ ነው የምትሰብረው? ወንበዴ እንኳ አንዴ ሰብሮ ቤቱ ይገባል!»

መብራቱ በራ። ኢምዳድ ጫማውን አውልቆ ወለሉ መሀል ቆሟል። የተሰበረ ሸንኮራ በሁለት እጁ ይዟል፤ ጭማቂው በክንዱ ወርዶ ከክርኑ ላይ ይንጠባጠባል። ከፊቱ በተወጠረው ሸራ ላይ ደግሞ አንድ ጢማም ሰው ክንዱ እንደተጠመዘዘ፣ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀርቷል።

በላሆር የፊልም ሠፈር ተዋንያኑ የሚማቱት አየር ነው። ጀግናው ቡጢ ሲሰነዝር ወንበዴው ገና ሳይነካ ይወድቃል፤ ምስሉ ብቻውን ቢታይ ያስቃል። ያንን ሳቅ ወደ ፍርሃት የሚለውጠው ኢምዳድ ነበር። የራሰ ቆዳ በመዳፉ ሲመታ ጥፊ ይሆናል። ሀብሐብ ላይ የሚያሳርፈው ጩቤ ደረት ይቀድዳል። ሸንኮራው ደግሞ አጥንት ነው። በአገሩ ሁሉ ሲኒማ ቤት ውስጥ ሹፌሩና ሸክም ተሸካሚው ከመቀመጫው ተነስቶ የሚያፏጭለት ዱላ ከዚህ አየር ከማያስገባ ክፍል የወጣ ነው። ማራገቢያ ስለሚጮህ አይከፈትም። ዝናቡ ሊመጣ ያለበት ወር ስለነበር ሙቀቱ ያፍናል።

«ፊር» በአገሩ ቋንቋ «እንደገና» ማለት ነው። ድምፁ ልኩን ካልመጣ ኢምዳድ ዓይኑን ጨፍኖ ለራሱ ይላታል። ሲል አያውቀውም። እንደ ትንፋሽ ናት፤ ትወጣለች።

«ልብህ እዚህ የለም» አለው ኡስታድ ጉልፋም፣ የቀረጻ ማሽኑን ተደግፎ። ሙያውን ያስተማረው ሽማግሌ ነው፤ ጢሙን በሂና አቅልቷል። «ትመጣለች። ቤት ውስጥ ባለቤቴ የሠርግ ሩዝ በስኳርና በሳፍሮን ቅመም ስትሠራ ነው የዋለችው። ሼኹም ተነግሯቸዋል። ምስክሮችም አሉ። የጎደለው ሙሽሪት ብቻ ናት።»

«እሷ ብቻ ከጎደለችማ ምንም አልጎደለም በለኛ!» አለ ኢምዳድ። ሁለቱም ሳቁ፤ የኢምዳድ ሳቅ ግን መሀል ላይ ተቋረጠ።

ታባሱም ባለፈው ሳምንት ያለችውን እንደ ጸሎት በቃሉ ይዞታል። «ቤተሰቦቼ ለካራቺው ዶክተር ሊድሩኝ ቃል ሊሰጡ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ከመጣሁ ሻንጣዬን ይዤ ነው የምመጣው፤ ያንተ ሆኜ ነው። ካልመጣሁ ግን እባክህ በራችን ላይ እንዳትቆም።»

ዛሬ ሐሙስ ነው።

*

የተዋወቁት በስህተት ነበር።

አንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ «ቲ. ሻህ» በሚል ስም ስለ ፊልም የሚጽፍ ሰው አለ። ብዕሩ መራራ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስለ አንድ የደም መላሽ ፊልም ጽፎ ሲያበቃ እንዲህ ብሎ ዘጋው፦ «በዚህ ፊልም ውስጥ አንድ ጥሩ ተዋናይ አለ፤ እሱም ጥፊው ነው።» አገር ሁሉ ስድብ መሆኑን ተረድቶ ሳቀ። ኢምዳድ ግን አነበበው፣ ደግሞ አነበበው፣ እንባው መጣ። በሕይወቱ ሙሉ ሥራውን በጽሑፍ ያመሰገነለት ሰው አልነበረምና! ጽሑፉን ቆርጦ በር ላይ ለጠፈው። አንድ ትልቅ ካርቶን ጣፋጭ ገዛና አቶ ሻህን ሊያመሰግን በአውቶቡስ ወደ መጽሔቱ ቢሮ ሄደ።

ከውስጥ መነጽር ያደረገች፣ ጣቶቿ በቀለም የወየቡ ሴት ወጣች።

«ማንን ፈለጉ?»

«አቶ ሻህን፣ እህቴ። ጥፊው... ጥፊው እኔ ነኝ።»

ቲ. ሻህ እሷው ታባሱም ነበረች። ካርቶኑን አየች፤ ሰውየውን አየች፤ በአንገቱ ላይ የተቆለፈውን ንጹሕ ሸሚዝ አየች። ስድብ እንደነበር ልትነግረው አፏን ከፈተች። አልቻለችም። ካርቶኑን ተቀብላ አንድ ጣፋጭ አነሳችና ጎረሰች። በኋላ እንደነገረችው፣ ያን ጣፋጭ ስትውጥ አንጀቷን በላት።

እሷ የዳኛ ልጅ ናት። አባቷ ጡረታ ከወጡ በኋላ በሳንሱር ቦርድ ተቀምጠው የሌላውን ፊልም ይቆርጣሉ። እሱ የጋሪ ነጂ ልጅ ነው። ቤታቸው አንድ ከተማ ውስጥ ቢሆንም በመካከሉ ስንት ባሕር አለ! ከተማውን አቋርጦ በሚያልፈው ቦይ ዳር፣ ከዛፎቹ ሥር እየተገናኙ መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ ጭቅጭቁ ፍቅር መሆኑን ሁለቱም ዘግይተው ነው የነቁት።

«ማንም አይጎዳም እኮ» ይላታል። «ሸንኮራ ነው የምሰብረው። ሲያልቅ ደግሞ እኔና ኡስታድ እናኝከዋለን።»

«ሸንኮራውን እናንተ ታኝካላችሁ። ድምፁን የሚያኝከው ሕዝቡ ነው።»

«ውሸት መሆኑን ሳያውቅ ትኬት የሚቆርጥ አለ?»

«ዓይኑ ያውቃል። ጆሮ ግን ሞኝ ነው፣ ኢምዳድ። አባቴ ደሙን ይቆርጣሉ፤ ድምፁን ግን አይነኩትም። ‹የማይታይ ነገር ምን ነውር አለው?› ይላሉ። እኔ ደግሞ የምፈራው የማይታየውን ነው። እጅ ከጆሮ ይማራል።»

«እናትሽ የሚያዩት የቴሌቪዥን ድራማስ? አማት ሻይ እየቀዳች ምራቷን በዓይኗ ገድላ ትጨርሳታለች፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያያል። ጥፊ ስለሌለው ጨዋ ነው! የእኔ ወንበዴ ቢያንስ መመታቱን ያውቃል።»

«ይህቺን እጽፋታለሁ» አለች እየሳቀች።

«ስሜን ትጠሪልኛለሽ?»

«ጣፋጭ ካመጣህ።»

ከእለታት አንድ ቀን ውሃውን ውሃውን እያየች፣ ለራሷም በማይሰማ ድምፅ፣ «እወድሃለሁ» አለችው። ኢምዳድ ዓይኑን ጨፈነ። ምን እንዳለ ሳያውቅ አለ፦

«ፊር።»

«ቀረጻ ላይ ያለን መሰለህ እንዴ?» ብላ ትከሻውን መታችው። ግን ደገመችለት። ከዚያ ወዲህ ያቺ ቃል የሁለቱ ሆነች። የሥራው ቃል የልቡ ቃል ሆነች።

*

በሩ ሲንኳኳ ኢምዳድ ሸንኮራውን ጣለው።

የመጣው ማን እንደሆነ ከኮሪደሩ ጀምሮ አውቋል። ግራ እግሯ ከቀኟ ቀለል ይላል፤ ነጠላ የቆዳ ጫማዋ ተረከዟ ላይ ጠፍ ይላል። ያንን እርምጃ ከሺህ ሴት መሀል ለይቶ ያወጣዋል።

ታባሱም ገባች። በእጇ ትንሽ ቡናማ ሻንጣ አለች።

ኡስታድ ጉልፋም ሻንጣዋን አየና እንደ ልጅ አጨበጨበ። «ተባረኪ የእኔ ልጅ! ተባረኪ! ሪክሾ፣ ሪክሾ ልጥራ፣ ቆይ!» ብሎ ጫማውን በግልባጭ አጥልቆ ወጣ። ከመስታወቱ ወዲያ የማሽኑ ቀይ መብራት እንደበራ ቀረ። ልብ ያለ አልነበረም።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። መተያየት አፈሩ።

«ሸሚዝህ ጭማቂ ነው» አለች።

«ሙሽራ ነኝ እኮ፤ መጣፈጥ አለብኝ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ወደ እንባ ሲያዘነብል አንገቷን ደፋች። «እናቴን ሳልስማት ወጣሁ። ብስማት አልመጣም ነበር። ኢምዳድ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እጅህ...» እጁን ይዛ መዳፉን ገለበጠችው። ቆዳ በመምታት ብዛት የጠነከረ መዳፍ ነው። «ይሄ እጅ አንድም ሰው መትቶ አያውቅም?»

«በአላህ! ዝንብ እንኳ ስመታ እስታለሁ።»

«ስለዚህ ነው የመጣሁት» አለች። «ቤታችን ውስጥ ሁሉም ጨዋ ነው፤ ሁሉም ይመታል። አባቴ በቃል፣ ወንድሜ በእጁ። አንተ ግን ቀኑን ሙሉ ዱላ ስታወርድ ውለህ፣ በእጅህ ላይ ዱላ የለም። እወድሃለሁ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ፊር።»

«እወድሃለሁ።»

በሩ ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

*

ኻዋር ነበር፤ ወንድሟ። ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጉልበርግ በሚባለው ሠፈር የቪዲዮ ካሴት ቤት አለው። አባቱ በመቀስ የቆረጡትን እሱ በካሴት ቀጥሎ ያከራያል። የፍልሚያዎቹን ትዕይንት ሁሉ በቃሉ ያውቃል፤ አካሄዱ እንኳ ትከሻን ገፋ፣ አገጭን ቀና ያደረገ የፊልም አካሄድ ነው።

«ልብስ ሰፊ ጋ ነኝ አለች!» አለ፣ ማንም ያልጠየቀውን እየመለሰ። «ሻንጣ ይዞ ልብስ ሰፊ ጋ የሚሄድ ማን አለ? ከኋላሽ እየነዳሁ የማላውቅ መሰለሽ? ለዚህ ነው? ለዚህ ለሸንኮራ ቸርቻሪ?»

«ኻዋር፣ ውጣ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው።»

«አንቺ ዝም በይ!» ወደ ኢምዳድ ዞረ። «አንተ የጋሪ ነጂ ልጅ! ፈረሱ ሞተብህና የዳኛ ልጅ ልትጠምድ ነው?»

ጥፊው መጣ። ኢምዳድ አልሸሸም። ፊቱ ወደ ጎን ሲዞር የቀደመው ሕመሙ አልነበረም። ጆሮው ነበር። *ድምፅ የለውም* አለ በልቡ፣ እየገረመው።

ኻዋር በቡጢ ጎኑን መታው። ትንፋሹ ወጣ። ሲጎነበስ ጉልበቱን አፍንጫው ላይ አሳረፈበት፤ ደም በሸሚዙ ላይ ከሸንኮራው ጭማቂ ጋር ተቀላቀለ። ወለሉ ላይ ወደቀ። ኻዋር በጫማው ጀርባውን ረገጠው፤ ደገመው።

«ተነስ! ጀግና አይደለህም? ተነስ!»

«ወንድሟ ነህ» አለ ኢምዳድ፣ ደም እየተፋ። «አልመታህም። ግደለኝ እንጂ አልመታህም።»

ታባሱም መሀላቸው ገባች። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ በወንድሟ ደረት ላይ ተደገፈች። «እኔን ምታ! ለመደብህ አይደል? እኔን ምታ!»

ኻዋርም መታት።

ትንሽ ድምፅ ነበር። መጽሐፍ ሲዘጋ እንደሚሰማ ያለ። መነጽሯ ወድቆ በሸንኮራው ልጣጭ ላይ ተንሸራተተ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኢምዳድ በቅጡ አያስታውሰውም። ከወለሉ መነሳቱን አያስታውስም። በኻዋር ደረት ላይ ተቀምጦ ነበር። ቡጢው ወረደ። ድምፁ እርጥብ ጆንያ መሬት ላይ ሲጣል ያለ ነው፤ ድፍን፣ ሰነፍ። እንዲህ አይደለም። ይህን ያህል ዓመት እንዲህ አልነበረም! እህቱን ለመታ፣ ታባሱምን ለመታ፣ ሰማይ መሰንጠቅ አለበት። ጨምሮ መታ። የኻዋር ከንፈር ተተረተረ፤ ድምፁ አልመጣም። ጨምሮ መታ። ጥርስ ጉልጥምቱ ላይ ተሰካበት፤ አልመጣም። አንድ ሰው ስሙን እየጠራ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ከሩቅ ከሌላ ክፍል የመጣ ይመስላል። እጁ ሲደክምበት ግድግዳ ላይ የተደገፈውን ጋንዳሳ አነሳ፤ ለማስመሰያ የተሠራ ሳይሆን ብረቱ እውነተኛ የሆነ፣ ለድምፁ ሲል ራሱ ከገበያ ገዝቶ ያመጣው ባለ ረጅም እጀታ መጥረቢያ። ከፍ አደረገው። ሸራው ላይ ጢማሙ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ያየዋል።

«ኢምዳድ!!»

እጀታውን ከኋላ የያዘው ኡስታድ ጉልፋም ነበር። ሽማግሌው በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። ብረቱ ወለሉ ላይ ወድቆ ጮኸ። እሱ ብቻ ነበር እንደ ፊልም የጮኸው።

*

ኻዋር ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፤ አፉን በመሐረብ ይዟል። ቢሆንም ምላሱ አልተሰበረም።

«ታስራለህ!» አለ በተኮላተፈ ድምፅ። «አጎቴ ፖሊስ ጣቢያ ነው። እኔ እህቴን በሰላም ልወስድ መጣሁ፤ ይሄ እብድ በመጥረቢያ ሊገድለኝ! እጄን አላነሳሁም! አንድ ጣቴን! ማን ይመሰክርልሃል? ይሄ ባለ ቀይ ጢም?»

«ጣትህን አላነሳህም?» አለ ኡስታድ ጉልፋም። «የዚህን ልጅ ፊት ማን ነው እንዲህ ያደረገው? የእሷንስ ጉንጭ? አጎትህን ጥራው። እኔም ምስክሬን እጠራለሁ።» ወደ መስታወቱ ጠቆመ። ቀይዋ መብራት በርታለች። «ማሽኑን ሳላጠፋ ነው የወጣሁት። እሱ ዘመድ የለው፣ ጉቦ አይበላ።»

ኻዋር መብራቷን ሲያይ መሐረቡን ከአፉ አወረደ።

ኢምዳድ ወደ መብራቷ ቀና አለ። ድኗል። ቴፑ የመጀመሪያውን ጥፊ ይናገራል፤ «አልመታህም» ያለውን ይናገራል። ታባሱምን አየ። መነጽሯን አንስታ፣ አንዱ መስታወት እንደተሰነጠቀ አድርጋዋለች። እሷም አየችው። በዚያ እይታ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ አሁንም የእሱ ነበረች። ጉንጯ ቀልቶ፣ ፈገግ ልትል ሞከረች። ሻንጣዋ ሸንኮራው አጠገብ ቆማለች።

ኡስታዱ ቴፑን ወደ ኋላ አሽከረከረ። በንዴት ብዛት አርቆ አሽከረከረው። ከድምፅ ማጉያው መጀመሪያ የወጣው የታባሱም ድምፅ ነበር።

*«...በእጅህ ላይ ዱላ የለም። እወድሃለሁ።»*

*«ፊር።»*

*«እወድሃለሁ።»*

ኡስታድ ጉልፋም አፍሮ ራሱን አከከ። ኢምዳድ አንገቱን ደፋ፤ በዚህ ሁሉ ደም መሀል ጆሮው ድረስ ቀላ።

የበሩ ድምፅ። የኻዋር ስድብ። ጥፊው፤ ቡጢው፤ እርግጫው። *«ወንድሟ ነህ። አልመታህም።»* ኡስታዱ ጣቱን ወደ ኻዋር ቀስሮ «ሰማህ? ሰማህ?» ይላል። *«እኔን ምታ!»* ቀጥሎ ያ መጽሐፍ የሚዘጋ ድምፅ። ኻዋር እንኳ ፊቱን አዞረ።

«በቃ፣ ተሰማ» አለ ኡስታዱ፤ እጁን ግን ቶሎ ወደ ማሽኑ አልላከም።

ድፍን ድምፅ። እርጥብ ጆንያ። የታባሱም ጩኸት፦ *«በቃ! ኢምዳድ፣ በቃው!»* ድፍን ድምፅ።

ከዚያም በመካከሉ፣ ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንደሚናገረው፣ ቀስ ብሎ፣ ለስለስ ብሎ፦

*«ፊር።»*

ድፍን ድምፅ።

*«ፊር።»*

ኢምዳድ ማን እንደተናገረ ፈልጎ ዙሪያውን አየ። ድምፁን ያውቀዋል። የቦዩ ዳሩ ድምፅ ነው። በዛፎቹ ሥር፣ ውሃውን እያየች ላለችው ሴት የወጣው፣ ያው ልስላሴ ያው ትንፋሽ። ቅንጣት ታህል አልተለወጠም።

*«በቃው! እለምንሃለሁ!»*

*«ፊር።»*

ኡስታድ ጉልፋም ማሽኑን አጠፋው። ሽማግሌው ወደ ማንም አላየም። ኻዋር መሐረቡን እንደያዘ ቀርቷል።

«ታባሱም» አለ ኢምዳድ። «እኔ... አላወቅሁም። ስል አላወቅሁም እኮ።»

ቀረበችው። ከፊቱ ተንበርክካ ቀኝ እጁን አነሳች፤ ያንን ጠንካራ መዳፍ። በሻሽዋ ጫፍ ደሙን ጠረገችለት፤ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ፣ የሕፃን እጅ እንደሚጠረግ፣ ሳትቸኩል። ጠርጋ ስትጨርስ እጁን ጉልበቱ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

ተነሳች። ሻንጣዋን አነሳች።

«ልጄ፣ ሪክሾው እዚያ...» አለ ኡስታዱ።

ኻዋር «ነይ፣ መኪናው በር ላይ ነው» አላት። ወደ እሱም አላየችም።

ኢምዳድ መነሳት አቃተው። ጆሮው ግን በተከፈተው በር ተከተላት። ኮሪደሩ፤ ግራ እግሯ ከቀኟ ቀለል ይላል። ደረጃው። ጠጠሩ። የኻዋርን መኪና አልፋው ሄደች፤ እርምጃዋ አልዘገየም። ሪክሾውንም አለፈችው፤ ሹፌሩ ሲጠራት ይሰማል። የግቢው የብረት በር ተከፈተ።

በአፉ ውስጥ ያቺ ቃል ተነሳች። ከንፈሩ ላይ ደረሰች። ጥርሱን ነክሶ ያዛት።

በሩ ተዘጋ።